አዲስ ምድጃ በነባሩ የወጥ ቤት ግራናይት ላይ ስለ መግጠም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ፤ ላልተገኙ አባላት በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



ስለ ጥበቃ ደመወዝና ስለ ውኃ ታንከሩ ከመነጋገራችን በፊት የምናስታውቃችሁ አንድ ጉዳይ አለ። ጉዳዩ ምድጃ ነው። ለስብሰባ የሚበቃ ነገር አይመስልም ይሆናል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የሁለተኛው መግቢያ ሰው ሦስት ሌሊት በሻማ ያደረው በምድጃ ምክንያት ነው። የማን ቤት እንደሆነ እዚህ አንጠራም፤ ማሠሪያውንም ሁላችንም አዋጥተን ከፍለናል።

እንደምታውቁት አብዛኞቻችን ቤቱን ስንረከብ ካቢኔት አሠርተን፣ ላዩን ግራናይት አልብሰን፣ ግራናይቱን አስቀድደን ባለ አራት ዓይን ምድጃ አስገጥመናል። አሁን ያ ምድጃ አርጅቷል። አንዱ ዓይን አይሠራም፣ ማዞሪያው ወልቋል። ታዲያ አዲስ ይገዛል፤ ወይም ልጅ ከዐረብ አገር ይልካል። ቤት ሲደርስ ግን ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ይላል።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት ቀዳዳው ይለካ። ይኸውም አሮጌው ወጥቶ ነው። ብሬከሩን አጥፉ፣ ቡታጋዝም ከሆነ ሲሊንደሩን ዝጉ። ዙሪያውን ሲሊኮን ይዞት ከሆነ በስለት እየቆረጣችሁ አላቁት እንጂ በካቻቢቴ አትፈንቅሉ። ከምድጃው ፊትና ኋላ የሚቀረው ግራናይት ቀጭን ነው፤ የሚሰነጠቀውም እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ወርዱን ከፊትም ከኋላም፣ ቁመቱን ከግራም ከቀኝም ለኩ፤ ያኔ የቀደደው ሰው አጣሞት ሊሆን ይችላልና። ከሥር መሳቢያ ካለ ጥልቀቱንም ለኩ። በዚያ ልክ ካርቶን ቆርጣችሁ መርካቶ ይዛችሁ ሂዱ። በአዲሱ ምድጃ ማሸጊያ ላይ ሁለት ልክ አለ፤ አንዱ የምድጃው፣ ሌላው የቀዳዳው ነው። ላዩ 60 ሳንቲም የሆነ ምድጃ ብዙውን ጊዜ 56 በ49 ሳንቲም ቀዳዳ ይፈልጋል። ከአሜሪካ የሚመጣው ባለ 30 ኢንች ግን 76 ሳንቲም ያህል ነው፤ በእኛ ካቢኔት ላይ መቀመጫም የለው።

ቀዳዳው ከሰፋ እንጨት ጠርቦ ከእሳቱ ሥር መሸጎጥ አይሆንም። ላዩ ሰፋ ያለ ምድጃ ፈልጉ። ቀዳዳው አንድ ሁለት ሳንቲም ከጠበበ ድንጋዩ በማሽን ይቆረጣል። ማዕዘኑ ስል ሆኖ ከተቆረጠ ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል፤ አስቀድሞ በድሪል ክብ ተደርጎ ይበሳ። የግራናይት አቧራ ሳንባ ይጎዳል፤ ሕፃናት ከቤት ይውጡ፣ ሠራተኛውም አፍና አፍንጫውን በደንብ ይሸፍን። ድንጋዩን እያረጠቡ መቁረጥ አቧራውን ይቀንሳል፤ ሆኖም ውኃው ማሽኑ ውስጥ ከገባ ሰውየውን ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ስለዚህ ሥራውን ለለመደው ሰው ስጡ። እግረ መንገዳችንን፣ እሑድ ጠዋትና ለቅሶ ባለበት ቀን ድንጋይ አይቆረጥ። ይህን ደንብ አላደረግነውም፤ ጉርብትና ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። የቀድሞው ምድጃ ባለ ሁለት ዓይን ኤሌክትሪክ ወይም ቡታጋዝ ነበር እንበል። አዲሱ አራት ዓይን ኤሌክትሪክ ከሆነ አንድ ላይ ሲበራ 6000 ዋት ሊደርስ ይችላል። በ220 ቮልት ሲካፈል 27 አምፔር ነው። የእንጀራ ምጣዱ ብቻውን 3500 ዋት ከሆነ 16 አምፔር ይወስዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ 43 አምፔር። ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ገመድ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር የሚሠራ ነው። ለእንዲህ ያለ ምድጃ ባለ 6 ገመድ ከብሬከሩ ድረስ ለብቻው መዘርጋት አለበት፤ ምጣዱም የራሱ መስመር ይኑረው። አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ገመድም ይታሰር፤ ተቆርጦ አይጣል።

ብሬከሩ መላልሶ ሲወርድ «ይኼ ብሬከር ደካማ ነው» ብሎ በ40 የሚቀይር ሰው አለ። ኧረ ደካማ አይደለም! አባቶቻችን ቫልቮላ ሲሉት የነበረውን ሥራ እየሠራ ነው። ብሬከሩ ሲተልቅ ገመዱ ግን ያው ቀጭኑ ነው፤ የሚግለውም እሱ ነው። ባለፈው ክረምት የሆነው ይኸው ነበር። ከቆጣሪው ወደ ቤቱ የሚሄደው ገመድ በሳጥኑ ውስጥ ማሰሪያው ላይ ጋለ፣ ቀለጠ፣ አጠገቡ ያሉትን የጎረቤት ገመዶች ይዞ ሄደ። ደግነቱ ጥበቃው ሽታውን ቀድሞ ሰማ። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ቢሆን ኖሮ የምናወራው ስለ ሻማ ባልሆነ ነበር።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ቡታጋዝ የምትገጥሙም ስሙን። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ ወለል ላይና ካቢኔቱ ውስጥ ይተኛል። ሲሊንደሩ ካቢኔት ውስጥ ከሆነ የካቢኔቱ ግርጌ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው። ማሰሪያውን በሳሙና አረፋ ፈትኑ፤ በክብሪት የሚፈትን ሰው አይተናል፣ እግዜር ጠብቆታል። ከውጭ የሚላከው ምድጃ ደግሞ በቧንቧ ለሚመጣ ጋዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በእኛ ሲሊንደር ሲበራ እሳቱ ረዝሞ ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱን ጥላሸት ያለብሰዋል። ለሲሊንደር የሚሆኑት ትንንሽ አፎች ብዙ ጊዜ በላስቲክ ከዕቃው ጋር ይመጣሉ፤ ላስቲኩን አትጣሉ፣ ባለሙያ ይቀይረው።

ሲገጠም ከጠርዙ ሥር ከዕቃው ጋር የመጣው ስስ ማሸጊያ ይበቃል። ዙሪያውን ሲሊኮን ከለሰናችሁት ነገ ማውጣቱ መከራ ነው።

ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚቀይር ወይም ብሬከር የሚያሳድግ አባል አስቀድሞ ያስታውቀን፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ጀምሮ ያለውን ገመድ ይይለት። ክፍያው የባለቤቱ ይሁን፤ ጡረተኞችና አቅም የሌላቸው ግን ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈልላቸው። በዚህ ላይ ድምፅ እንሰጣለን።

መለኪያ ሜትር ለሌላችሁ ጥበቃው ቤት አለ። ተዋሱ፣ ስትጨርሱ መልሱ፤ የፊተኛው ሄዶ ቀርቷል።

የማኅበሩ ጸሐፊ