የሰው ስም ባለቤት አለው

የዛሬው ርዕሳችን በሰው ስም ላይ ስለሚወጣ ቀልድ ነው። «ቀልድ ደግሞ ምን ይወራለታል?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠን።

በካሽሚርና በፓኪስታን ፑንጃብ «በት» የሚባል የቤተሰብ ስም አለ። በላሆርና በጉጅራንዋላ ይህን ስም የያዙ ሙስሊሞች እጅግ ብዙ ናቸው። ምንጩ «ብሃታ» የሚለው የሳንስክሪት ቃል ሲሆን ትርጉሙም ሊቅ፣ አዋቂ ማለት ነው። ቤተሰቦቹ እስልምናን ሲቀበሉ ስሙን ይዘውት ቀጠሉ። «ታላቁ ጋማ» እየተባለ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1960 ያረፈው ስመ ጥሩ ታጋይ ከእነዚሁ በቶች ነበር።

የላሆር ሰው ግን ለስሙ የራሱን ፍቺ አውጥቶለታል። በት ማለት ምግብ ወዳድ፣ ሥጋ አይቶ የማያልፍ ማለት ነው ይላል። ይህን ቀልድ በቶቹ ራሳቸውም ማዕድ ላይ እየተሳሳቁ ያወሩታል። ወደ እንግሊዝ የተሰደዱትን ግን ሌላ ቀልድ ጠበቃቸው። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መቀመጫ ከሚባለው የሰውነት ክፍል መጠሪያ ጋር አንድ ይሆናል። መምህሩ ስም ሲጠራ ክፍሉ ይስቃል፤ ልጁ አንገቱን ይደፋል። በመጀመሪያው ቀልድ የሚስቅ አባት በሁለተኛው አይስቅም። በአንደኛው ባለቤቱ አብሮ ይስቃል፤ በሌላው በእሱ ይሳቅበታል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ቁረይሾች «ሙሐመድ» ማለትም የተመሰገነ የሚለውን ስም ገልብጠው «ሙዘመም» ማለትም የተወገዘ ይሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን የሚሰድቡት ሙዘመም የሚሉትን እንደሆነ፣ እርሳቸው ግን ሙሐመድ እንደሆኑ በመግለጽ አላህ ስድባቸውን እንዴት እንደመለሰላቸው ለባልደረቦቻቸው ነገሩ። በሌላ በኩል ዐሊይ (ረ.ዐ) መስጊድ ውስጥ ተኝተው ጀርባቸው አፈር ነክቶት ባገኟቸው ጊዜ «አቡ ቱራብ» ብለው ጠሯቸው፤ የአፈር አባት ማለት ነው። ዐሊይ (ረ.ዐ) ከዚህ ስም አብልጠው የሚወዱት መጠሪያ አልነበራቸውም። በፍቅር የተሰጠ ቅጽል ስም እንዲህ ነው። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 ላይ የተከለከለው ግን መሳለቅና በመጥፎ ቅጽል መጠራራት ነው።

እኛም ከዚህ ንጹሕ አይደለንም። በልጅነታችን ቁርኣን ስንቀራ የአንድ ጓደኛችንን የአባት ስም ጠምዝዘን ፍቺ አወጣንለት። እኛ ሳቅን። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ «ስምህ ማነው?» ሲባል የራሱን ብቻ ተናግሮ ዝም ይል ጀመር። እኛ የቀለድን መስሎን ልጅ በአባቱ እንዲያፍር አደረግን። አውፍ ሳንባባል ተለያየን፤ እስከ ዛሬም ይከነክነናል።

በእኛ አገር ከስማችን ቀጥሎ ያለው የአባታችን ስም ነው። ዘመዶቻችን ወደ ውጭ ሲወጡ ደግሞ የአባት ወይም የአያት ስም በወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ይሆናል። በባዕድ ቋንቋ ምን እንደሚመስል ማን ያውቃል? እንግዲህ በእኛ ልጆች ላይ እንዲደረግ የማንወደውን በሌላው ልጅ ላይ አናድርግ።

እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የስማቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ትርጉም ንገሯቸው። ትርጉሙን የሚያውቅ ልጅ ሰው ሲስቅበት አንገቱን አይደፋም። የጓደኞቻቸውን የአባት ስምም እንዴት እንደሚጠሩ ጠይቋቸው። የበደሉት ካለ ነገ ሳይውል ሳያድር አውፍ ይበሉት።

አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።