የሠፈር ሰዎች የጠበቁት ቅርስ፤ ስለ ኪዮቶ ከተማ በዓልና የሥዕል ትርኢት የተደረገ ንግግር



 የመረጥሁት ርእስ በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ስለሚደረገው የጊዮን በዓልና ከበዓሉ ጋራ አብሮ ስለሚታየው የሥዕል ትርኢት ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት የሩቅ አገር ወሬ ለማሰማት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ከተማ ጥበብ ከመቶ ዓመት ወደ መቶ ዓመት የሚሻገረው በማን ድካም እንደሆነ ይህ በዓል በግልጽ ስለሚያስረዳ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኪዮቶ ከ794 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። በታሪክ እንደሚተረከው በ869 ዓ.ም. ብርቱ ቸነፈር በተነሣ ጊዜ፥ በዚያን ዘመን በነበሩት አውራጃዎች ቁጥር ልክ 66 ረጃጅም ጦሮች ተተክለው ምሕላ ተደረገ። ያ ምሕላ እየቆየ የያሳካ መቅደስ ዓመታዊ በዓል ሆነ። ከ1467 እስከ 1477 ዓ.ም. በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ከተማዪቱ ስትቃጠል በዓሉም ተቋረጠ፤ ነገር ግን በ1500 ዓ.ም. የከተማው ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች መልሰው አቋቋሙት።

በዛሬው ጊዜ በበዓሉ የሚሰለፉት ያጌጡ ሠረገላዎች 34 ናቸው። ከነዚህም 23ቱ በእኛ ሐምሌ 10 ቀን፥ የቀሩት 11ዱ ደግሞ ሐምሌ 17 ቀን በከተማዪቱ መንገድ ይወጣሉ። ትልልቆቹ ከነጫፋቸው ወደ 25 ሜትር ከፍታ፥ ወደ 12 ቶን ክብደት አላቸው። እንጨቱ እርስ በርሱ የሚያያዘው በምስማር ሳይሆን በገለባ ገመድ ነው። መሪ የሌላቸው ስለሆኑ መንገድ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ከመንኰራኵሩ ሥር የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይነጠፋል፤ ውሃም ይፈስበታል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች በአንድ ድምፅ ገመዱን ወደ ጐን ስበው ያዞሩታል። አንዱ ቀድሞ ሌላው ቢዘገይ ሠረገላው ከቆመበት አይነቃነቅም።

በነዚህ ሠረገላዎች ዙሪያ የሚሰቀሉት ጨርቆች ከያገሩ የመጡ የጥበብ ሥራዎች ናቸው። ካንኮ በሚባለው ሠረገላ ፊት በ16ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የተሠራ ጨርቅ ይሰቀል ነበር፤ የተሸመነበትም ሥዕል እኛ ሁላችን ከኦሪት ዘፍጥረት የምናውቀው የርብቃ ታሪክ ነው። ክርስትና በጃፓን በጥብቅ ተከልክሎ በነበረበት ዘመን ርብቃ በኪዮቶ ጐዳና ላይ በሕዝብ ፊት አለፈች ማለት ነው። ጹኪ በሚባለው ሠረገላ ላይ ደግሞ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ማሩያማ ኦኪዮ የሣለው የሣርና የአበባ ሥዕል ይገኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሀብት የማን ነው? ቢባል፥ የቤተ መንግሥትም የአንድ ባለጸጋም አይደለም። እያንዳንዱ ሠረገላ የአንድ ሠፈር ገንዘብ ነው። የሠፈሩ ሰዎች ያስቀምጡታል፤ ያድሱታል፤ ከሰልፉ አስቀድሞ አውጥተው ይገጥሙታል፤ ሰልፉ ሲያልቅ ወዲያው ፈታተው ወደ ግምጃ ቤት ይመልሱታል።

ከሰልፉ አስቀድሞ ባሉት ምሽቶች ደግሞ ሌላ ትርኢት ይታያል። በሺንማቺና በሙሮማቺ መንገድ ያሉ የቆዩ የጨርቅ ነጋዴ ቤተ ሰቦች የቤታቸውን የፊት ፍርግርግ አንሥተው፥ ከአባቶቻቸው የወረሱትን ‘ቢዮቡ’ የሚባለውን ተጣጣፊ የሥዕል መከለያ በክፍላቸው ውስጥ ዘርግተው ለአላፊ አግዳሚው ያሳያሉ። ስለዚህም ‘የቢዮቡ በዓል’ ይባላል። ሕፃናትም በየሠረገላው አጠገብ ተሰብስበው እየዘመሩ ሻማና የበረከት ምልክት ይሸጣሉ።

ኪዮቶ የሥዕል ቤተ መዘክር ያጣች ከተማ አይደለችም። በ1880 ዓ.ም. የሥዕል ትምህርት ቤት ከፍታለች፤ በ1933 ዓ.ም. የከተማው የሥዕል ቤተ መዘክር ተመርቋል፤ በ2020 ዓ.ም.ም ታድሶ እንደገና ተከፍቷል። ቤተ መዘክር ሥዕልን ከእሳትና ከብል ይጠብቃል። ነገር ግን ገመድ የማሰርን ሙያ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም፤ እርሱ የሚጠበቀው በሰው እጅ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ሁለት ምስክሮችን ልጥቀስ። የመርከብ ቅርጽ ያለው ኦፉኔ የተባለው ሠረገላ በ1864 ዓ.ም. በተነሣው ትልቅ ቃጠሎ ጠፋ። የሠፈሩ ሰዎች ግን ከእሳቱ የተረፈውን ምስልና ጨርቅ ጠብቀው ሲያሳዩ ኖሩ፤ ከ150 ዓመት በኋላም በ2014 ዓ.ም. ሠረገላው እንደገና ተሠርቶ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ታካ የተባለው ደግሞ በ1826 ዓ.ም. ዝናብና ነፋስ ካበላሸው በኋላ ከሰልፉ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ከ196 ዓመት በኋላ በ2022 ዓ.ም. ተመለሰ። እስቲ አስቡት፤ ሠረገላው ሲሄድ አንድ ቀን እንኳ ያላዩ አባቶች፥ ለማያዩት ቀን ሲሉ ዕቃውን ለልጆቻቸው አስረከቡ።

በ2020ና በ2021 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የሠረገላዎቹ ሰልፍ ቀረ። በቸነፈር ምክንያት የተጀመረው በዓል በቸነፈር ምክንያት ተቋረጠ። ሆኖም በ2021 ዓ.ም. አያሌ ሠፈሮች ሰልፍ እንደሌለ እያወቁ ሠረገላቸውን ገጠሙ። ምክንያቱም እጅ ካልሠራ ይረሳልና፥ የገመዱ አተሳሰር ከወጣቶቹ እንዳይጠፋ ብለው ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ በዓሉን የሚያሠጋው እሳት ብቻ አይደለም። የቆዩት የእንጨት ቤቶች እየፈረሱ በምትካቸው ፎቅና ሆቴል ይሠራል፤ የጥንት ነዋሪዎች ከመካከለኛው ከተማ እየለቀቁ ይሄዳሉ፤ ቢዮቡ የሚዘረጋባቸውም ቤቶች እያነሡ ነው። ሠረገላ ያለው ሠፈር ነዋሪ ካጣ ገመዱን ማን ይስባል? ስለዚህ አንዳንድ ሠፈሮች በአዲሶቹ ፎቆች የገቡትን ሰዎች ‘ኑ፥ የእናንተም ነው’ እያሉ ይጠራሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በፈቃዳቸው የሚመጡ ሰዎችም ሠረገላ ይስባሉ። ይህን እንደ ውርደት የሚያይ ቢኖር ተሳስቷል። በ1500 ዓ.ም. በዓሉን ያስነሡት ሰዎች በዘመኑ ከተማ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ናቸውና፥ ዛሬም ተራው በከተማው ያለ ሰው ተራ ነው።

የኪዮቶ ሠረገላዎች ሰልፍ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ። የእኛም የመስቀል በዓል በ2013፥ ጥምቀት በ2019 ዓ.ም. በዚሁ መዝገብ ተጽፈዋል። ደመራውን የሚያቆመው፥ ታቦቱን የሚያጅበው ግን መዝገብ አይደለም። መዝገብ ያስመሰግናል እንጂ አያሸክምም።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከኪዮቶ ሰዎች የምንማረው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ቅርስ የሚኰራበት ሰው በማጣት ሳይሆን ተራውን የሚቀበል ሰው በማጣት ይጠፋል። እናንተም ወላጆቻችን፥ የምታውቁትን ሥራ ‘ገና ልጅ ነው’ ሳትሉ በጊዜው አሳዩን፤ እኛም እጃችንን ሳንሰስት እንቀበላችሁ።