በመንገድ የተጠራቀመ በረዶ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በ2000 ዓ.ም. ጥር 8 ቀን፥ የቅድስት ሥላሴ በዓል በተከበረ በማግሥቱ፥ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ፥ ሂዝሮው በተባለው አይሮፕላን ማረፊያ አንድ ድንጋጤ ሆኖ ነበር። ይህ ማረፊያ አንዱ ሲነሣ ሌላው የሚያርፍበት፥ ቤትና አውራ ጎዳና የከበበው፥ በዓለም እጅግ ሥራ ከሚበዛባቸው ማረፊያዎች አንዱ ነው። ከቤጂንግ የተነሣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 አይሮፕላን፥ 136 መንገደኞችንና 16 ሠራተኞችን ይዞ፥ ከዐሥር ሰዓት በላይ በሰላም ተጕዞ ሊያርፍ ቀርቦ ነበር። ከምድር 220 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ግን ኀይል እንዲጨምሩ የተጠየቁት ሞተሮች እንቢ አሉ፤ መጀመሪያ ቀኙ፥ ከጥቂት ሰከንድ በኋላም ግራው ደከመ።

ለማሰብ የቀረው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ዋናው አብራሪ መሪውን ከረዳቱ እጅ አልነጠቀም፤ እርሱ ግን በክንፉ ጀርባ ለማረፍ የተዘረጋውን ታጣፊ ክፍል ጥቂት ሰበሰበው። በዚህም አይሮፕላኑ ወደ 50 ሜትር ያህል ርቆ እንዲሄድ ረዳው። መንገዱን ዘልቆ፥ አጥሩን አልፎ፥ ማኰብኰቢያው 330 ሜትር ያህል ሲቀረው በሣሩ ላይ ወደቀ፤ እግሮቹም ተሰበሩ። ነዳጅ ፈሰሰ፤ እሳት ግን አልተነሣም። አንድ መንገደኛ ክፉኛ ተጎዳ፥ ሌሎችም ቈሰሉ፤ ከ152ቱ ነፍስ ግን አንዲት እንኳ አልጠፋችም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሁለት ዓይነት ሰው ይናገራል። አንዱ፥ «ምክንያቱ ከታወቀ እግዚአብሔርን ማመስገን ለምን?» ይላል። ሁለተኛው፥ «እግዚአብሔር አዳነ፤ ምክንያቱን መመርመር ለምን?» ይላል። የፊተኛውን ብዙ ጊዜ እንገሥጸዋለን፤ ሁለተኛው ግን በእኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተቀምጦ ሳለ አናየውም። ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች በተናገረ ጊዜ፥ የሞቱትን ከሌሎች ይልቅ ኀጢአተኞች ናቸው ብለን እንዳንፈርድ ከልክሎ፥ የተረፉትን ግን ወደ ንስሐ እንደ ጠራቸው አስቡ። መትረፍ የምርመራ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም።

የእንግሊዝ መርማሪዎች ሁሉም ድነዋልና ይበቃል አላሉም። ሁለት ዓመት ደክመው በ2002 ዓ.ም. በየካቲት ወር የመጨረሻውን ጽሑፋቸውን አወጡ። ነዳጁ ጥሩ ነበረ፤ በጋኑም ውስጥ ከ10,000 ኪሎ በላይ ተርፎ ነበር። እንግዲህ ምን ጎደለ? በማናቸውም ነዳጅ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ጥቂት ውሃ አለ። አይሮፕላኑ በሞንጎልያና በሳይቤርያ ሰማይ ላይ ሲያልፍ የነዳጁ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች እስከ 34 ዲግሪ ወረደ፤ ነዳጁ ራሱ አልረጋም፥ ያች ጥቂት ውሃ ግን በረዶ ሆና በቧንቧው ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። በረጅሙ መንገድ ሞተሩ የሚጠይቀው ጥቂት ነዳጅ ስለ ነበረ በረዶው ማንንም አላስቸገረም። በመጨረሻ ብዙ ነዳጅ በተጠየቀ ጊዜ ግን ተላቅቆ ሄደና፥ ነዳጁን የሚያሞቀው ዕቃ ባሉት ከ1,000 በሚበልጡ ቀጫጭን ቧንቧዎች አፍ ላይ ተከማቸ። ከዚያ በኋላ ቀልጦ ስለ ጠፋ መርማሪዎቹ በዓይናቸው አላገኙትም፤ ብዙ ሙከራ አድርገው ደረሱበት እንጂ።

አምስቱ ሰነፎች ደናግል ዘይት አልነበራቸውም። በዚህ ግን ዘይቱ ሞልቶ ሳለ ወደ መብራቱ አልደረሰም፤ ይህም ለእኛ ይበልጥ ያስፈራል።

አንድ ሰው ከወንድሙ ጋር በወሰን ምክንያት ተቀያየመ እንበል። ይጾማል፥ ያስቀድሳል፥ ዝክሩን ይዘክራል፤ ወንጌሉንም ያውቀዋል። ወንድሙን በመንገድ ሲያገኘው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፤ የዕለት ኑሮ ከዚህ የበለጠ ፍቅር አይጠይቀውምና ቂሙ አይታወቅም። እርሱም ይቅር ያለ ይመስለዋል። አንድ ቀን ግን ያ ወንድም ይሞትና ልጆቹ በደጁ ይቆማሉ። በዚያን ጊዜ ብዙ ፍቅር ይጠየቃል፤ ዐሥር ዓመት የተለጠፈውም በረዶ ከልቡ አፍ ላይ ይከማቻል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መስጠት ይፈልጋል፥ ነገር ግን አይወጣለትም።

እኛም ለኑዛዜ በሌሊት ተጠርተን ሄደን፥ ሕመምተኛው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃል ሲያጣ አይተናል። ዘመዶቹ ደዌው ከለከለው ይላሉ፤ ምናልባትም እውነታቸው ነው። ግን ከዚያ በፊት ከስንት ሕመም ድኖ ነበር! በዳነ ቍጥር ስለቱን አግብቷል፥ ጥላውንና ጧፉን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቷል፥ ጎረቤቱንም ጠርቶ አብልቷል፤ የነፍስ አባቱን ግን እንግዳ እንደሚሸኝ ሁሉ ቡና አጠጥቶ ሸኝቷል። ስለቱን አንነቅፍም፤ መልካም ነው። እኛም ካህናቱ ቡናውን ጠጥተን ሳንጠይቅ መሄዳችን የራሳችን ዕዳ ነው።

የመርማሪዎቹ ሥራ ከንቱ አልቀረም። በ2001 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከሻንጋይ ወደ አትላንታ የሚበር ሌላ ቦይንግ 777 በአሜሪካ ሰማይ ላይ ሳለ አንዱ ሞተሩ እንደዚያው ደከመ። በመካከሉ ግን የሂዝሮው ነገር ተመርምሮ ለአብራሪዎች ምክር ተሰጥቶ ነበር። እነርሱም የሞተሩን ኀይል ዝቅ አድርገው በረዶው እስኪቀልጥ ታገሡ። ሞተሩ ተመለሰ፤ መንገደኞቹም በአትላንታ በሰላም ወረዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።