የሠርጉ ካሜራ በማን እጅ ይሁን?

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከየቤታችን የሚርቅ አይደለም። ሠርግ ሲቃረብ፣ የአዳራሹና የድግሱ ወጪ ከተሰላ በኋላ፣ «ለቪዲዮ ደግሞ ይህን ሁሉ ብር ለምን እናወጣለን? የአክስቶቻችን ልጆች ሁሉ ስልክ ይዘው የለ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወሊማ በዕዳ እንዲደገስ ያዘዘን የለም።

ሆኖም ኒካህ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ መሆኑን አንርሳ። ወሊዩ «ዳርኩህ» ሙሽራውም «ተቀበልኩ» ካሉ በኋላ የሚደገም ነገር የለም። ባለሙያው ይህን ስለሚያውቅ ትንሿን ማይክ አስቀድሞ ከወሊዩ ደረት ላይ ያያይዛል። ከሰው ትከሻ በላይ ስልኩን የዘረጋው ዘመድ ግን ይዞ የሚመለሰው የሳህን ኳኳታና የሕፃን ለቅሶ ነው። ይባስ ብሎም ከባለሙያው ፊት ይገተራል። አንድ ቀራጭ እንዳጫወተን፣ በዋናው ሰዓት ያነሳው ምስል የሙሽራው አጎት ጀርባ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቤተሰቡም ጥፋቱን በእሱ ላይ አድርጎ ቀሪ ሂሳቡን ከለከለው። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ሁላችንም በቃላችን እንይዛለን፤ ተራው የካሜራ ባለሙያ ሲሆን ለምን እንደምንረሳው ግን ግራ ይገባናል። በርግጥ ቀብድ ተቀብለው ሙሽሮቹ ልጅ እስኪወልዱ ቪዲዮውን የማያስረክቡም አሉ። እነርሱም ቃላቸውን ያስቡ።

ከሁሉ የሚከብደው የሴቶቹ ክፍል ጉዳይ ነው። እህቶቻችን ሒጃባቸውን አውልቀው እንዲደሰቱ ብለን ሴት ቀራጭ እንቀጥራለን። ሥራዋን ስትጨርስም ሚሞሪ ካርዱን ለሙሽሪት እናት እንድታስረክብ እናደርጋለን። በዚያው ክፍል ውስጥ ያሉትን ሃያ ስልኮች ግን የጠየቀ የለም! አንዲት እህታችን በሠርጓ ሦስተኛ ቀን የራሷን ምስል በቴሌግራም ተላልፎ የማታውቀው ሰው እጅ ላይ አገኘችው። የላከችው የቅርብ ዘመዷ ነበረች፤ ክፋት አስባ ሳይሆን «አምራ ነበርና» ብላ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ የሄደን ነገር ማን ይሰበስበዋል?

ይህን ስንል የዘመድን ስልክ ሙሉ በሙሉ ማውገዛችን አይደለም። ፈቃድ ተከልክላ ጅዳ የቀረችው እህት የወንድሟን ኒካህ በኢሞ እያየች የምታለቅሰው በዚሁ ስልክ ነው። አልጋ ላይ የዋሉት አያት ለሙሽሮቹ ዱዓ ሲያደርጉም የሚገኘው ያው ዘመድ ነው። ባለሙያው በዚያ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ነው።

ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰቦች እንደጀመሩት፣ በሴቶቹ በር ላይ አንዲት ብርቱ ልጅ ቅርጫት ይዛ ትቁም፤ ስልኩን በቁጥር ተቀብላ ሲወጡ ትመልስ። ኒካሁ ሲታሰርም አስተናባሪው «ስልክ ወደ ኪስ» ይበል። ከባለሙያው ጋር የሚደረገው ውልም በጽሑፍ ይሁን፤ የማስረከቢያው ቀንና ቅጂው ማን ዘንድ እንደሚቀር ይግለጽ።

በቁም ሣጥን ውስጥ የወላጆቻችሁ ሠርግ በቪኤችኤስ ካሴት ያላችሁም አትዘግዩ። ማጫወቻውን ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ምርቱን በሐምሌ 2008 አቁሟል። የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ባለሙያ ዛሬም አልጠፋምና ሻጋታ ሳይበላው ወደ ዲጂታል አስገልብጡት።