የካምባልዳው ድንጋይ

አድማጮቼ፣ ዛሬ ላወራችሁ የተሰናዳሁት ክረምት ሲገባ የወርቅ ጉድጓድ እንዴት እንደሚደረመስ ነበር። ሆኖም ከሻኪሶ የደወሉ አንድ አባት «አውስትራሊያ ውስጥ ከአንድ ድንጋይ ሰባ ኪሎ ወርቅ ወጣ የሚባለው እውነት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል።

እውነት ነው፣ አባቴ። ቦታው ከካልጉርሊ ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ካምባልዳ ነው፤ የማዕድን ማውጫው ቤታ ሃንት ይባላል። ከአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ ጀምሮ በዋናነት ኒኬል ሲወጣበት የኖረ አሮጌ ዋሻ ነው። በአውሮፓውያኑ 2018 ሴፕቴምበር ላይ፣ 500 ሜትር ያህል ጥልቀት ውስጥ፣ ከ90 ኪሎ በላይ የሚመዝን ድንጋይ መገኘቱ ተነገረ። ውስጡ 2,440 አውንስ፣ ማለትም 76 ኪሎ ያህል ወርቅ እንዳለ ተገመተ። እዚያው ቦታ ከተነሳው 130 ቶን ገደማ ድንጋይ ከ9,000 አውንስ በላይ ወርቅ ወጣ። በቶን ከሁለት ኪሎ በላይ ማለት ነው!

የቀረው የማዕድን ማውጫው ክፍል ግን በቶን የሚሰጠው ጥቂት ግራም ነው። ደጋግሜ የምነግራችሁ ይህንን ነው፤ ከቆሎ ከረጢት አንድ እፍኝ ስትዘግኑ ኦቾሎኒው ስለበዛ ከረጢቱ ሁሉ ኦቾሎኒ ነው ትላላችሁ? እንዲህ የተታለለ አንድ ሰው በመሐረብ የቋጠረውን የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይዞ ቢሮዬ መጣ። በሬውን ሸጦ ቁፋሮ ጀምሯል። ድንጋዩ ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት ነበር። በመዶሻ ስመታው ደቀቀ፤ ወርቅ ቢሆን ይጠፈጠፍ ነበር። ሳትሸጡ ጠይቁ እንጂ!

ፓይራይቱን ግን አትናቁት። እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። ከጥልቅ የሚወጣ ትኩስ ውሃ ወርቁን ከድኝ ጋር አጣምሮ፣ አሟሙቶ ይዞ ይጓዛል። ካምባልዳ ላይ ይህ ውሃ በዓለቱ ስንጥቅ ሲያልፍ፣ ፓይራይት የበዛበት ቀጭን የደለል ድንጋይ ንጣፍ አገኘው። እዚያ ኬሚስትሪው ተለወጠ፤ ውሃው ወርቁን መሸከም አቅቶት በአንድ ቦታ አራገፈው። ስንጥቁና ንጣፉ ካልተገናኙ ያ ክምችት የለም። ስለዚህ ባለሙያው የሚያሳድደው የሚገናኙበትን ቦታ ነው…

ሰዓቴ አለቀ አሉኝ። ናሙና ስታመጡ የሚያምረውን ድንጋይ መርጣችሁ አታምጡብኝ፤ የኳርትዙን ጅማት ከዳር እስከ ዳር፣ እኩል እኩል እየፈለጣችሁ ውሰዱ፤ የወሰዳችሁበትንም ቦታ ጻፉ። የመደርመሱን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ። እስከዚያው ዝናብ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ማንም እንዳይወርድ።