ጅብና የሐረር ከተማ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጅብ ነው። ጅብ ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን አኮሳተራችሁ። እውነታችሁን ነው፤ አህያው የተበላበት ሰው ጅብን ሊወድ አይችልም። ቢሆንም የጠላትን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለም? ታዲያ በሚያውቁት አገር የሚያበሉት ሰዎች አሉ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አሉ፤ በሐረር።

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር የሚባሉ ገዥ ዙሪያዋን በድንጋይ ግንብ አሳጠሯት። ግንቡ ጀጎል ይባላል። ቁመቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ጥንት 5 በሮች ነበሩት፤ በሮቹም ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። ፈረስ መጋላ ከተባለው አደባባይ ላይ ደግሞ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ከተማይቱ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲያዩት ተራ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ አለላ ዐይን ይስባል። ይህን ሁሉ የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። ስፌት የምታውቁ እናቶች ብታዩት ከኔ የበለጠ ትፈርዱ ነበር።

ወደ ጅቡ ልመለስ። በግንቡ ሥር ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በሐረሪ ቋንቋ ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ ወራባ ማለት ጅብ ነው። ጅቡ በዚያ ሾልኮ ይገባል፣ የተጣለውን አጥንትና ትርፍራፊ ጠርጎ በልቶ ይወጣል። ከግንቡ ውጭ ደግሞ ሲመሽ ጅቦችን በየስማቸው እየጠሩ ሥጋ በእንጨት ጫፍ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ። በአሹራ በዓልም ቅቤ የበዛበት ገንፎ ያቀርቡላቸዋል። ጥንት በረሀብ ዘመን ጅቡ ሰው መብላት ቢጀምር በገንፎ ታረቅነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ጅቡ ገንፎውን ደህና አድርጎ ከበላው ዘመኑ ጥጋብ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። እናንተ ግን ይህን ሰምታችሁ ደጃፋችሁ ላይ ሥጋ እንዳታስቀምጡ! የለመደ ጅብ ሕፃንና ከብት ይደፍራል።

አሁን ጠባዩን እንይ። በጅብ መንጋ ውስጥ አለቃዋ ሴቷ ናት፤ በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች። ሴትና ወንዱን በዐይን መለየት በጣም ያስቸግራል። ጥርሱ የበሬ አጥንት ይሰብራል፤ ሆዱም አጥንቱን ይፈጫል። ኩሱ ሲደርቅ ነጭ የሚሆነው ከአጥንቱ የተነሣ ነው። ደግሞ ጥንብ ብቻ አይበላም፤ ራሱም ጎበዝ አዳኝ ነው።

ከሐረር በሮች አንዱ ቡዳ በር ይባላል። ስለ ቡዳ ካነሣን ዘንድ ዝም ብዬ አላልፍም። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ስንት ሰው ከማዕድ ተለየ፣ ስንቱ ጋብቻ ተከለከለ! እስቲ አስቡት። ጅብ ከእናቱ ሆድ ጅብ ሆኖ ይወለዳል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚወለዱት፤ ከዓመት በላይ ይጠባሉ። ሰው ሆኖ ያደረ ጅብ፣ ጅብ ሆኖ ያደረ ሰው የለም። ማረሻችንን የሚያበጅልን ሰው ሌሊት የሚያድረው እንደኛው ደክሞት ተኝቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸኛው ለአህያ ባለቤቶች ነው። በትግራይ ተመራማሪዎች የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ጠጉር መርምረው ነበር፤ ጥናቱ በ2004 ዓ.ም. ታተመ። ከሑዳዴ ጾም በፊት ከ100 ኩስ ውስጥ የአህያ ጠጉር የተገኘው በ15 ያህሉ ነበር። በጾሙ ጊዜ ወደ 33 ከፍ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ለምን? ሰው 55 ቀን ሲጾም እርድ የለም፤ እርድ ከሌለ የሚጣል አጥንትና አንጀት የለም። ጅብ ደግሞ አይጾም! ስለዚህ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። እኛ ቤት በሬው በረት ገብቶ አህያዋ ውጭ የምታድርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሑዳዴ ሲገባ ግን ከበሬው እኩል ትታሰብ፣ ቢያንስ አጥሩ በእሾህ ይጠናከር።

እኔ ይህን ያህል ካልሁ፣ አሁን እናንተ ንገሩኝ። በዚህ ቀበሌ ጅብ የለመደው የማንን በረት ነው? በየትስ በኩል ነው የሚገባው?