ጭረትና ድምፅ፦ ስለ ውድ የጆሮ ማዳመጫዎች



ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የጆሮ ማዳመጫ የገዛ ሰው ዕቃውን ከሣጥኑ ሲያወጣ ከጆሮው አስቀድሞ ዓይኑ ይፈርዳል። ከብረቱ ላይ አንዲት ጭረት፣ ከጠርዙም ላይ የተላጠ ቀለም ያገኘ እንደ ሆነ፣ ዕቃው ገና ድምፁ ሳይሰማ ይመለሳል። ለከፈለው ዋጋ ያማረ ዕቃ መሻቱ መብቱ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው የቀለሙን ጉድለት የድምፅ ጉድለት ምልክት ያደረገው እንደ ሆነ ነው፤ ይኸውም የግራና የቀኝ ድምፁ የተመጣጠነውን መልሶ፣ መልኩ ያማረ ሚዛኑ የተዛባ ሊቀበል ይችላልና።

በተለመደው ዓይነት ማዳመጫ ውስጥ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋር የተጣበቀው ስስ ሽፋንም አየሩን ይገፋል። እንግዲህ ድምፁን የሚወስኑት ይህ ሽፋን፣ በዙሪያው ያሉት የአየር ማለፊያዎችና ከጆሮ ዙሪያ የሚያርፈው ትራስ ናቸው። የማቀፊያው ቀለም ከዚህ መንገድ ውጭ ነው። የከበሮ እንጨት ቢፋቅ ማን ይሰማዋል? ቆዳው ሲላላ ግን ሁሉም ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ትራሱ ነው። ጀርባው ዝግ በሆነ ማዳመጫ ላይ ትራሱ በሚገባ ካልገጠመ፣ የመነጽር እጀታ የሚከፍታት ትንሽ ቀዳዳ እንኳ የወፍራሙን ድምፅ ግፊት ታስወጣለች። ትራሱ በአገልግሎት ብዛት ሲተኛ ደግሞ ሽፋኑ ወደ ጆሮ ይቀርብና የድምፁ ሚዛን ይለወጣል፤ ይህም ሁሉ ሲሆን ከውጭ ሲያዩት ምንም ነውር ላይታይበት ይችላል። በአንጻሩ በዝግ ማዳመጫ ቤት ላይ የታየ ስንጥቅ እንደ ጭረት ሊናቅ አይገባም፤ አየር ሊያሳልፍ ይችላልና።

ዓይን ጆሮን እንደሚያስት በሙከራ ታይቷል። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ አድማጮች ድምፅ ማጉያዎቹን እያዩ የሰጡት ፍርድ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው ሲሰሙ ከሰጡት ተለይቶ ተገኝቷል። ዋጋም ቢሆን አስተማማኝ ምስክር አይደለም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የየሩን ብሬባርት ጥናት 283 ማዳመጫዎችን መርምሮ በዋጋቸውና በድምፅ ምላሻቸው መካከል ዝምድና አላገኘም።

ስለዚህ ለስቱዲዮ ዕቃ የሚረከብ መሐንዲስ ቀለሙን ከማየቱ በፊት የአንድ ሰው ንግግር በሁለቱም ጆሮ እኩል አጫውቶ ያድምጥ፤ ድምፁ ከመካከል ሊሰማ ይገባል። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ማዳመጫውን አዙሮ ያጥልቀው። ማዘንበሉ አብሮ ከዞረ ጉድለቱ ከማዳመጫው ወይም ከመሣሪያው ነው፤ ካልዞረ ግን የራሱን ጆሮ ያስመርምር። ቀጥሎ ከ20 እስከ 200 ሄርዝ ያለውን ድምፅ በዝግታ ያሳልፍ። የሚንዘረዘር ነገር ቢሰማ፣ አንዳንድ ጊዜ መንሥኤው ሽፋኑን የነካች አንዲት የፀጉር ዘለላ ናት፤ እርሷን ለማውጣት ግን ሽፋኑን መንካት አያስፈልግም።